ወፍጮው ቀጥ ያለ ዕለት

ልጄን ከወለድኩ ወዲህ አንድ የእናቶች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብቻለሁ። አንዷ "የኔዋ ገና በሁለት ወሯ ፈገግ አለች" ትላለች፤ ሌላዋ "የኔስ አንገቱን አጥንቶ ዞር ዞር እያለ ያያል" ትላለች፤ ሌላዋ ደግሞ ልጇ አሻንጉሊት ጨብጦ ወደ አፉ ሲወስድ የሚያሳይ ቪዲዮ ትለጥፋለች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ እኔም ሳልፈልገው ልጄን ከማላውቃቸው ሕፃናት ጋር ሳወዳድር እውላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ "በዚህ ዕድሜ ወደ ድምፅ የማይዞር ልጅ ካላችሁ ሐኪም አሳዩ" ብላ ጻፈች። ሳነበው ልቤ ድንግጥ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። ይህን ጭንቀት የእኛ ቤት ከብዙ ዓመት በፊት ያውቀዋል።

ያደግኩት አዳማ ነው፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ። አባዬ ወፍጮውን የተከለው ከመኝታ ቤታችን ጋር በአንድ ግድግዳ ተጋርቶ ነበር። ማለዳ ሞተሩ ሲነሳ አልጋችን አብሮ ይርገበገባል፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ቀኑን ሙሉ ትኩስ ዱቄት ይሸተናል፤ በርበሬ የሚፈጭ ዕለት ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ያስነጥሳል። የእኛ ቤት ሰው የሚያወራው ወይ በጩኸት ወይ በእጁ ነው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ጣቶቿን ወደ አፏ ካስጠጋች ምሳ ደርሷል ማለት ነው፤ አባዬ ጣቱን በአየር ላይ ካሽከረከረ እህሉ አልላመም፣ ይደገም ማለት ነው። ትምህርት ቤት አስተማሪዬ "ምን ያስጮኽሻል? እኔ እኮ እዚሁ ነኝ" ስትለኝ ምን ማለቷ እንደሆነ ግራ ይገባኝ ነበር።

ወንድሜ ናኦል የተወለደው ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ስሙን ያወጣለት አባዬ ነው። አባዬ ከአዳማ ብዙም የማትርቀው የደራ ልጅ ስለሆነ ከደንበኞቹ ጋር ኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ ያወራል፤ ደስ ሲለው ግን ሁለቱን ይደባልቃል። ናኦል ድብልብል ያለ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ሕፃን ነበር። እማዬ አጥባው ቫዝሊን እየቀባች እጅ እግሩን ስታፍታታ ከአጠገቧ አልጠፋም፤ ያ የሳሙናና የወተት ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ፊታችንን ሲያይ ይስቃል፣ ጣት ሲያገኝ ጨብጦ አይለቅም፣ በሆዱ ስናስተኛው አንገቱን ቀና አድርጎ እንደ ዳኛ ይገላምጠናል። እንቅልፉ ደግሞ ለጉድ ነው። እሑድ እሑድ ቸርች ውስጥ ኪቦርዱና ድራሙ ሲያስነካው እሱ ስፒከሩ ሥር እማዬ ጀርባ ላይ ለጥ ብሎ ይተኛል። ሌሎቹ እናቶች የሚያለቅሱ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ውጪ ሲመላለሱ እማዬን በቅናት ያዩዋት ነበር፤ እሷም በዚህ ኩራት ቢጤ ይሰማት ነበር።

አራተኛ ወሩን እንደያዘ የእማዬ ታላቅ እህት አክስቴ ሰናይት ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጣች። አስተማሪ ናት፤ ልጅ ስታይ መፈተን ይቀናታል። ስታጫውተው ቆየችና ከኋላው ዞራ አጨበጨበች። ናኦል አልዞረም። ደግማ አጨበጨበች፣ በስሙ ጠራችው፣ ማንኪያና ብርጭቆ አጋጨች። እሱ የራሱን ጣቶች በማየት ላይ ነበር። አክስቴ እማዬን ወደ ጥግ ወሰደቻትና በምስጢር ልትነግራት ፈለገች። ግን ከግድግዳው ወዲያ ወፍጮው እያጓራ በሹክሹክታ የሚነገር ነገር ከየት ይመጣል? ሁለቴ ሹክ ብላ እማዬ "አ?" ስትላት በመጨረሻ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ይሄ ልጅ የሚሰማ አይመስለኝም" አለቻት። እህል ለማስፈጨት ግቢ ውስጥ ወረፋ የያዘው ሁሉ ሰማ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ቤት አልሆነም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ ያልሞከርነው ነገር አልነበረም። ጎረቤታችን አዴ ዲንቄ እህላቸውን ሊያስፈጩ በመጡ ቁጥር ትሪ ይዘው ገብተው ከራስጌው ያንኳኩበታል። አባዬ በመፍቻ ብረት ይመታል። እኔ የማውቀውን መዝሙር ሁሉ ከጀርባው ሆኜ ዘመርኩለት። ፊታችንን ካየ ይስቃል፣ ካላየን ግን እንደሌለን ነው። በፊት የምንኮራበት እንቅልፉ ራሱ አሁን ያስፈራን ጀመር። ማታ ወፍጮው ሳይዘጋ ይተኛና ጠዋት ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ይነቃል። እማዬ ጡቷን ስታጠባው ዝም ብላ ታየዋለች፣ እንባዋ ግንባሩ ላይ ጠብ ሲል በጣቷ ትጠርግለታለች። አባዬ አፉ ላይ "ልጅ በዕድሉ ያድጋል" ይላል፤ ነገር ግን ሐሳቡ ከእህሉ ጋር ስላልነበር የሰው ሽሮ አድቅቆ አቧራ አድርጎታል።

እኔ ደግሞ በልጅ ልቤ መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እማዬን "ባይሰማስ ምን ይሆናል? እኛ ቤት እንደሆነ በእጅ ነው የሚወራው፣ እናስተምረዋለን" አልኳት። ላጽናናት ነበር። ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛኝ ረጅም ጊዜ አለቀሰች፣ እኔም ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ አብሬያት አለቀስኩ። አክስቴ አዲስ አበባ አንድ የጆሮ ሐኪም አግኝታ ለሰኞ አስቀጥራ ነበር። ሰኞ እስኪደርስ ቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ የሚስቅ ሰው ጠፋ።

የፋሲካ ሰሞን ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ግቢው በጆንያና በሰው ጢም ብሏል። ናኦል መኝታ ቤት ምንጣፍ ላይ በጀርባው ተንጋሎ የእግሩን ጣት ለመያዝ ይታገላል፣ እኔ እየጠበቅኩት ነው። ድንገት መብራት ሄደ። ሞተሩ አቃሰተ፣ የሚያዞረው ቺንጋ ጥቂት ተንፏቆ ረገበ፣ ወፍጮው ቀጥ አለ። ናኦል በድንጋጤ ሁለት እጆቹን ዘረጋ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠና እሪ ብሎ አለቀሰ። የነካው ነገር የለም። ትንኝ ነክሶት ይሆናል ብዬ ልብሱን እገላልጥ ጀመር።

እማዬ ከግቢ ሆና "መጣሁ የኔ ጌታ" አለችው። ወፍጮ ስላልነበረ አልጮኸችም፣ እንደ ሰው ነው የተናገረችው። ናኦል ለቅሶውን አቆመ። አንገቱን ወደ በሩ አዞረ። በሩ ላይ መጋረጃ ተጋርዷል፣ እማዬ አትታይም። ግን ወደዚያው አፍጥጦ ይጠብቃል። እኔ በባዶ እግሬ ወጥቼ "እማዬ፣ ናኦል ዞረ" አልኳት። እማዬ እንዳላመነችኝ ፊቷ ላይ አየሁት። መጋረጃውን ገልጣ ልትገባ ስትል አዴ ዲንቄ ክንዷን ያዟት። "ቆዪ ልጄ፣ አትግቢ። እዚሁ ሁነሽ ጥሪው እስቲ። ያ ዋቃዮ፣ አንተ ታውቃለህ" አሏት።

እማዬ "ናኦል" አለች። ዞረ። በመስኮቱ በኩል ሄዳ ጠራችው፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። አባዬ ዱቄት እንደለበሰ መጥቶ በራስጌው በኩል ቆመና "ኢልማ ኮ" አለው፣ ልጄ ማለቱ ነው። የአባዬን ድምፅ እንደዚያ ለስልሶ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ናኦል አገጩን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ዓይኑን ወደ ግንባሩ ገልብጦ አባቱን ፈለገ። አባዬ መሬቱ ላይ ቁጭ አለ፤ እንባው የፊቱን ዱቄት እየቀደደ ወረደ። እማዬ ትስቃለች ታለቅሳለች። አዴ ዲንቄ እልልታቸውን ቢያቀልጡት ናኦል በርግጎ እንደገና አለቀሰ፣ እኛም በለቅሶው ሳቅን።

ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠልን። ስናጨበጭብ፣ ትሪ ስናንኳኳ፣ ስሙን ስንጠራ አንድም ጊዜ ወፍጮው ቆሞ አያውቅም፤ ለበዓሉ እሑድም ከቸርች መልስ ይፈጭ ነበር፣ መብራትም ያን ሰሞን ሄዶ አያውቅም። የወፍጮ ቤት ሰዎች ስለሆንን ወፍጮውን ከድምፅ አንቆጥረውም ነበር። ልጁ ከሆድ ጀምሮ ከዚያ ጓጓታ ጋር የኖረ ነው፤ ለእሱ አስደንጋጩ ጸጥታው ሆነ።

መብራት በሄደ ቁጥር ሲራገም የሚውለው አባዬ ያን ዕለት "ምነው መመለሱ ትንሽ ቢዘገይ" አለ። ተራ የያዙት ሰዎች አንድ በአንድ በሩ ድረስ እየመጡ በሹክሹክታ እንኳን ደስ አላችሁ ይሉናል። መብራቱ ሲመጣ አባዬ ሞተሩን አላስነሳም፣ ማንም ደግሞ አስነሳ አላለውም። ሰኞ እማዬ ከቀጠሮዋ አልቀረችም። ሐኪሙ ከናኦል ኋላ ቃጭል እያንቃጨለ ከተጫወተ በኋላ ጆሮው ደህና መሆኑን ነገራት፤ አልጋውን ግን ከዚያ ግድግዳ አርቁለት አላት። በሳምንቱ አባዬ የእህል መጋዘኑንና መኝታ ቤታችንን አቀያየራቸው። እኔ ለብዙ ቀን በጸጥታው እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር።

ዛሬ እኔ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ልጄ የምትተኛው መስኮት ዘግተን፣ በጣታችን እየተራመድን ነው፤ ማንኪያ ቢወድቅ ትነቃለች። ያኔ ለአንድ ሕፃን ሰፈር ሙሉ ሰው ትሪ ይዞ ይጨነቅለት ነበር፣ አሁን የምጨነቀው ብቻዬን ስልኬ ላይ አፍጥጬ ነው። ወፍጮው ተሸጧል። ናኦል አድጎ መቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ያስጭናል፣ ቀኑን ሙሉ ሁለት ስልክ ጆሮው ላይ ነው። አባዬ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሞተሩ ሥር ቆሞ ጆሮው ደክሞ ደክሞ፣ አሁን አጠገቡ ሆነው ቢጮኹም እምብዛም አይሰማም።

ባለፈው እሑድ ሁሉም እኔ ቤት ተሰብስበው ነበር። ልጄ አባዬ ጭን ላይ ሆና በሽበቱ ስትጫወት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። አባዬ ከሳቋ ይልቅ የእኛን ፊት አይቶ አንድ ነገር እንደሆነ ገባው። "ምን አለች?" አለ። ናኦል ወንበሩን አስጠጋና ጆሮው ሥር ጎንበስ ብሎ "ሳቀች፣ አባዬ። በድምፅ ሳቀች" አለው።

አባዬ ልጄን አየት አደረጋት። "ሳቋ እንዴት ነው?" አለው። ናኦል ጥቂት አሰበ፣ ከዚያ አፉን አባዬ ጆሮ ላይ ገጥሞ ልክ እንደ እሷ ሳቀለት።