ሒና የመቀባት ተራ
በልጅ ልጄ የሒና ቀን ጅዳ ላይ የተሠራብኝ በደል ተጽፎ ይቀመጥልኝ። በእኛ ቤት የሙሽራን እጅ መጀመሪያ ሒና የምትቀባው አያቷ ናት። እኔ ከመካ፣ ነካሳ ከሚባለው ሰፈር ድረስ ጉልበቴን እያሻሸሁ ብመጣ ቦታዬ ተይዟል። የሙሽራዋን ቀኝ እጅ ይዛ የምትቀባው፣ ወንድ ተብላ ያደገች፣ አሁን ግን እንደ ሴት ለብሳ እንደ ሴት የምትኖር የሰፈራቸው ልጅ ናት። ሙሽራዋ ፀጉሯን ገልጣ ከእሷ ጋር ትሳሳቃለች። ከእኔ ጋር እንዲያ ስቃ አታውቅም።

"ይሄ የሴቶች ክፍል አይደለም እንዴ?" አልኳት ሙሽራዋን። "የገዛ ወንድምሽን እንኳ ወንድ ነው ብላችሁ ከበር መልሳችሁታል። ሕግ ከሆነ ለሁሉም እኩል ይሁን!"

የሙሽራዋ አክስት "እውነቷን ነው" ብላ ተሸፋፈነች። ሌላዋ "ኸላስ፣ በቃ፣ ሴት ናት፤ ተዉአት" አለች። ልጅቱ ሒናውን አስቀምጣ ልትነሳ ስትል ሙሽራዋ ያዘቻት።

"እምዬ፣ ወንድሜ ወንዶቹ ጋ ሄዶ ይበላል፣ ይጫወታል። እሷን እዚያ ምን እንደሚሏት አንቺም ታውቂዋለሽ። መሸፈን የፈለገች ትሸፈን። የከፋሽ በሕጉ ከሆነ ነገ እንነጋገራለን፤ በሒናው ከሆነ ግን ግራ እጄ አለልሽ።"