ፈቃድ ያጣ ምሶሶ

ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ ገበያ ስወጣ አንድ ባጃጅ ረጅም የቆርቆሮ አሸንዳ ጣሪያው ላይ አስሮ መንገድ ዳር ቆሞ አየሁ። ትራፊኩ አሸንዳውን በእጁ እየነካካ "ፈቃድ አለህ?" ይላል፤ ሹፌሩ "የምን ፈቃድ?" እያለ ዓይኑን ያቁለጨልጫል። የወጣሁት ቲማቲም ልገዛ ነበር። ደሜ ፈላና ሳልገዛ ተመለስኩ። ባለቤቴ "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ "ምሶሶው ትዝ አለኝ" አልኩት። እሱን ታሪኩ ሰልችቶታል። ላልሰማ ልንገር።

መምህርት ሆኜ ከተቀጠርኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። በዚያ ዓመት በጋ የአባቴ ቤት ተቃጠለ። መንደራችን ከአታት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እንሰት መሀል ነው። አባቴና እናቴ ክረምቱን ጎረቤት ቤት አንድ ጥግ ይዘው አሳለፉት። ማንም ፊት አልነሳቸውም፤ አባቴ ግን ሰው ቤት እግሩን ዘርግቶ መቀመጥ አይሆንለትም። "መስቀልን በገዛ ቤቴ ካልዋልኩ ለእኔ መስቀል አይደለም" ብሎ ቆርጦ ተነሳ። ለግድግዳው ባሕር ዛፍ ሞልቷል። የቸገረው ምሶሶው ነው። የእኛ አገር ጎጆ መሀሉ ላይ የሚቆመው ምሶሶ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ወጥ እንጨት መሆን አለበት። ተቀጥሎ የቆመ ከሆነ አባቴ ያንን ቤት ብሎ አይገባበትም።

እንዲህ ያለ እንጨት የነበረው ቡታጅራ አጠገብ የሚኖረው የእናቴ ወንድም ነው። ለራሱ ልጅ ያስቀመጠውን የጥድ ግንድ "ለእህቴ ቤት ከሆነማ ውሰዱት" አለ። እንዳመጣው እኔ ተላክሁ። የአጎቴ ጎረቤት ሽኩር ትንሽ ፒክአፕ ነበረችው፤ ግንዱን እሷ ላይ ጫንነው። ከፊት ከጋቢናው አልፎ፣ ከኋላም ከመኪናዋ ጅራት አልፎ ወጣ። ሽኩር ዙሪያውን ዞሮ አየውና "ኢንሻአላህ እንደርሳለን፤ ብቻ ቀይ ጨርቅ ፈልጊልኝ" አለኝ። ቀይ ሻሼን ፈትቼ ጫፉ ላይ አሰርኩለት።

ዝናቡ ጋብ ያለበት ሰሞን ነበር። ተራራው ላይ ጉም አለ፤ የረጠበ ሣር ይሸታል። ሽኩር በየኩርባው ጡሩምባ እየነፋ፣ አቧራ የሌለውን መንገድ እያመሰገነ ይነዳል። ያለፍንበት መንደር ሁሉ ሰው እጁን እያወጣ "ምሶሶ ነው! ቤት ሊቆም ነው!" ይለናል። እኔም ሙሽራ ያጀብኩ ያህል ኮራሁ። ያን ቀን ከሰዓት ደቦ ተጠርቷል፤ እናቴና የሰፈሩ ሴቶች ቆጮ ጋግረው፣ ጎመንና አይቤ አሰናድተው ይጠብቁናል።

አታት ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ኬላው ላይ አንድ ወጣት ትራፊክ አስቆመን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይሄ ነው የሚያበሽቀኝ።

"ጭነቱ ከመኪናው ውጭ ወጥቷል። ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ወልቂጤ ሄዳችሁ አምጡ።"

ሽኩርን ከመኪናዋ ጋር ትቼ በሚኒባስ ወልቂጤ ገባሁ። ቢሮውን ስሙን አልጠራም። የመጀመሪያው ሰውዬ ሻዩን እያማሰለ ሰማኝና "ይሄ ፈቃድ የከባድ መኪና ነው። ለትንሽ መኪና የሚባል የለም" አለኝ።

"እንግዲያው አያስፈልጋትም ማለት ነው?"

"አያስፈልጋትም።"

"አያስፈልጋትም ብለው ይጻፉልኝ።"

"የማያስፈልግ ነገር እንዴት ይጻፋል?"

እየሮጥኩ ተመለስኩ። ትራፊኩ "አያስፈልግም ካሉ ደህና፤ ወረቀቱን አሳዪኝ" አለ። እንደገና ወልቂጤ። ሁለተኛዋ ሠራተኛ አዘነችልኝ፤ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ጠብቂ" ብላ ወንበር ሰጠችኝ። ጠበቅሁ። ኃላፊው ሲመጡ የነገሩኝን ዛሬም አልረሳውም። "ከባድ መኪና ተከራይተሽ ነይ፣ ፈቃዱን አሁኑኑ እንሰጥሻለን" አሉ። ከባድ መኪና በዚያ ጭቃ እኛ መንደር እንደማይገባ ብነግራቸው ትንሽ አሰቡና "ታዲያ ለምን ሁለት ቦታ አትቆርጡትም? እዚያ ስትደርሱ በብሎን ታያይዙታላችሁ" አሉኝ። እሳቸውም የዚያው አገር ሰው ናቸው! በአባታቸው ቤት ምሶሶ ሥር ያደጉ ሰው ናቸው። እንባዬ መጣ፤ እንባዬ በመምጣቱ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ።

ባዶ እጄን ኬላው ጋ ስደርስ ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ነበር። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሽኩር በመንገደኛ ልኮባቸው የደቦው ሰዎች በሙሉ በእግራቸው መጥተዋል። ግንዱን ከፒክአፑ አውርደው በገመድና በአጣና እያሰሩ ነው። አባቴ ጋቢውን አውልቆ የፊተኛውን ጫፍ ይዟል። "አባዬ፣ ልቀቅ፤ ለጎረምሶቹ ተውላቸው" አልኩት። "የቤቴን ምሶሶ ሰው ተሸክሞልኝ እኔ ከኋላ ልከተል?" አለኝና ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሰጠ።

ተነሱ። አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው፣ እየተቀባበሉ እየዘፈኑ ሄዱ። ያ ትራፊክ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እጁን ዘርግቶ አውቶቡሱን፣ አይሱዙውን፣ ሁሉንም አቆመላቸው! አላስቻለኝም።

"እነሱስ ፈቃድ አላቸው?"

"እህቴ፣ እኔ የምቆጣጠረው ተሽከርካሪ ነው" አለኝ፤ ከልቡ ነው የተናገረው። አባቴም በአጠገቡ ሲያልፍ ከነሸክሙ ቀና ብሎ "እግዜር ይስጥልን፣ ልጄ" አለው። ያን ጊዜ አባቴንም ልቆጣው ቃጣኝ።

ምሶሶው በዚያው ዕለት ጀምበር ሳትጠልቅ ቆመ። ቆጮው ቀዝቅዞ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። አባቴ መስቀልን በገዛ ቤቱ እግሩን ዘርግቶ ዋለ።

ዛሬም ይህን ሳወራ ሰው ሁሉ ፊቱ ይፈካል። "እንዴት ደስ ይላል! እንዲህ ያለ መተባበር አሁን የት ይገኛል?" ይሉኛል። ደስ እንደሚል አላጣሁትም፤ ዘፈኑ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ነገር ግን መኪና ላይ ተጭኖ ደጃፋችን ሊደርስ የነበረ እንጨት ነው። አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ ቀኝ ክንዱን ከደረቱ በላይ ማንሳት አልቻለም። እስኪሞት ድረስ በየማለዳው ጋቢውን የምታለብሰው እናቴ ነበረች።