ለአባቷ አቤት ያላለች ልጅ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ከጎንደር በስተሰሜን ኮሶዬ ላይ ነው። እስካሁን ጉም ባየሁ ቁጥር እጄ ሳላስበው ወደ ኪሴ ይገባል። የስልኬን ቻርጅ ሳላይ አልረጋጋም። ምክንያቱን ስነግራቸው የሚስቁ አሉ፤ የልጅ አባት የሆነ ግን ሲስቅ አላየሁም።

እኔ የግንባታ ፎርማን ነኝ። ቤቴ ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ ከተማ ነው። ቀኑን ሙሉ በሲሚንቶና በብረት መሀል ስጮህ እውልና ማታ የቀረውን ጩኸት ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ባለቤቴ ጠባዬን “ቀጥ ያለ” ትለዋለች፤ ሠራተኞቼ ምን እንደሚሉት ጠይቄ አላውቅም።

ሶስና የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ። የአክስቷ ልጅ ስልኬ ላይ አንድ ጌም ጫነችላት። ጌሙ የመዝናኛ ፓርክ መሥራት ነው። ባዶ መሬት ይሰጧታል፤ እሷ ዥዋዥዌ ትተክላለች፣ ባቡር ትዘረጋለች፣ አይስክሬም ቤት ትከፍታለች፣ ሠራተኛ ትቀጥራለች። ጎብኚዎቹ ሰልፍ ሲረዝምባቸው ይቆጣሉ፤ ሽንት ቤት ሲያጡ ፊታቸው ይቀላል። የፓርኩ በር በተከፈተ ቁጥር አንድ ዜማ አለ። ያን ዜማ እንዴት እንደጠላሁት! ዜና ልሰማ ስል ቲሪም ቲም ቲም፤ ጋደም ልበል ስል ቲሪም ቲም ቲም።

“አባዬ፣ ና እየው” ትለኛለች ሁልጊዜ።

“በኋላ” እላታለሁ። ያለ መሠረት የቆመ ሕንፃ አይቼ ምን ልላት ነው? “ለመሆኑ የግንባታ ፈቃድ አለሽ?” ብዬ እቀልድባትና አልፋለሁ። ያ በኋላ ያልኩት ነገር አንድም ቀን ደርሶ አያውቅም።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው እኔና እሷ ወደ እናቴ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ለመሄድ ከጎንደር ሚኒባስ ተሳፈርን። ሶስና መንገዱን ሁሉ ስልኬ ላይ አቀርቅራ ነበር። ኮሶዬ ልንደርስ ስንል ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

“አባዬ፣ ባቡሩ እንደተበላሸ ነው። አንዴ ብቻ እየውና...”

እኔ ያየሁት ባቡሩን ሳይሆን ቻርጁን ነው። ስድስት ፐርሰንት ቀርቶታል። “ይሄን ፓርክሽን ከነባቡሩ ነው የማጠፋልሽ!” አልኩና ስልኩን ከእጇ ነጥቄ ኪሴ ከተትኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ብዙም ሳንርቅ የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። ሾፌሩ አንድ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ አቆመና ጎማ ሊቀይር ወረደ። ሶስናን በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀምጬ “ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ” አልኳት። ከዚያ የፎርማን ነገር አይለቅም፣ ሾፌሩ ራስ ላይ ቆሜ “ክሪኩን ወዲህ፣ ብሎኑን እንዲህ” ማለት ጀመርኩ። ሰውየው ጎማ ሲቀይር ሃያ ዓመት ሆኖታል። እኔ ግን እሱን ሳዝዝ ልጄን ረሳሁ።

ኮሶዬን የሚያውቅ ጉሙን ያውቀዋል። ከገደሉ ሥር ተነስቶ ሲወጣ ለማየት እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ቀና ስል፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ምግብ ቤቱ ራሱ ግማሹ ጠፍቷል። ወደ በረንዳው ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ማንም የለም።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ደርባባ ሴት ናቸው። “ልጅቱማ ወደ ጓሮ ዞረች እኮ” አሉኝ። “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች እርምጃዋን ትቆጥራለች። ምን ትለኪያለሽ ብላት፣ ለፓርክ የሚሆን ቦታ አለችኝ።”

“ከጓሮው ወዲያ ምን አለ?”

“ሜዳ ነው።” ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። “ከሜዳው ወዲያማ ገደሉ ነው። ወይኔ ልጄን!”

ሮጥኩ። ከጓሮው አጥር አልፌ ሳሩ ላይ ስቆም የገዛ ጫማዬ አልታይ አለኝ። “ሶስና!” ብዬ ጮህኩ፣ እንደ ልማዴ፣ በቁጣ። መልስ የለም። ድምፄ ተለወጠ። “ሶስዬ! የኔ እናት! የኔ ዓለም፣ የት ነሽ?” ሾፌሩና ተሳፋሪዎቹም ደርሰው አብረውኝ ተጣሩ። ምንም የለም። ዝም ስንል ከፊት ለፊታችን፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማን።

“አለች! እዚያ ናት!” አለ ሾፌሩ። ሁላችንም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ተጣራን። ድንጋይ እንደገና ተንኳኳ፤ አሁን ግን ከበፊቱ ራቅ ብሎ። ካለች ለምን አትመልስልኝም? ወድቃ ይሆን? ወደ ፊት ልሄድ ስል አንድ እጅ ትከሻዬን ጨምድዶ ያዘኝ።

“ዝም በሉ! ሁላችሁም ዝም!”

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ጩኸታችንን ሰምተው ከማሳቸው መጥተዋል፤ ትከሻቸው ላይ መጫኛ ጠምጥመዋል። ቆይቶ ስማቸውን አያ ታከለ ሲሏቸው ሰማሁ።

“ልጅቱ የማን ናት?”

“የኔ ናት፣ አያ።”

“ደጋ አያት አለቻት?”

“እናቴ አምባ ጊዮርጊስ ናት። በየክረምቱ እሷ ጋ ትሄዳለች።”

“ምነው ታዲያ ትጠራታለህ? አንተስ የዚሁ አገር ልጅ አይደለህም? ጉም ውስጥ ስሟ ሲጠራ አቤት ትላለች?”

ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር ልጅ ሁሉ ይህን ተነግሮት ያድጋል። በጉም መሀል የማታየው ሰው ስምህን ቢጠራህ አቤት እንዳትል ይባላል። የገደሉ ክፉ መንፈስ ነው የሚጠራህ፤ የእናትህንም የአባትህንም ድምፅ ያወጣል፤ አቤት ካልከው ይወስድሃል። ስለዚህ አፍህን ይዘህ ከድምፁ ራቅ። ለእኔም እናቴ ነግራኛለች። ለሶስና ስትነግራት ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጬ ስቄ ነበር። ከተማ ገብቼ ረሳሁት፤ ልጄ ግን አልረሳችውም።

“ስትጠሯት ነው የምትሸሸው” አሉ አያ ታከለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ከእናንተ ስትሸሽ መሄጃዋ ደግሞ ወደ ገደሉ ነው።”

“ሄጄ ላምጣታ!”

“ኮቴህን ከሰማች ትሮጣለች። እስቲ አስብ። አንተና እሷ ብቻ የምታውቁት፣ ያ የገደሉ የማያውቀው ነገር የላችሁም?”

እውነቱን ልናገር። እኔና ልጄ ብቻ የምናውቀው ነገር ምን አለ? የምትወደውን ምግብ እናቷ ናት የምታውቀው። የጓደኞቿን ስም አላውቅም። ቆሜ ሳስብ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር መጣ። ቲሪም ቲም ቲም።

ስልኬን አወጣሁ። አራት ፐርሰንት። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል አሉ፤ የሾፌሩ ቻርጀር አፉ ለእኔ ስልክ አይሆንም። ሾፌሩ እየሮጠ ሄዶ ስልኬን በብሉቱዝ ከሚኒባሱ ስፒከር ጋር አገናኘው፤ ጎማው ታስሮ ስላለቀ መኪናውን ወደ ጓሮው አስጠግቶ በሮቹን ሁሉ ከፈተ። እኔ ጌሙን ከፈትኩት። ከዚያ የት ልንካው? ስንት ወር ሙሉ “ና እየው” ስባል አንድ ቀን እንኳ ብመጣ ኖሮ አውቀው ነበር። አንዱን ስነካ ዛፍ ልትገዛ ነወይ አለኝ። ሌላውን ስነካ መጥረጊያ የያዘ ሰው ዘሎ ወጣ። ሦስት ፐርሰንት። ስክሪኑ መሀል ጭስ የሚወጣው ባቡር ቆሟል፤ አጠገቡ መዶሻ የያዘ ሰው እጁን አጣጥፎ ተገትሯል። በሩን ፈለግኩ። ሁለት ፐርሰንት ሲል አገኘሁትና ተጫንኩት።

ዜማው ጉሙ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ከሩቅ፣ ከዳር፣ ቀጭን ድምፅ መጣ። “አባዬ! አትክፈተው! ባቡሩ አልተጠገነም፣ ሰው ይወድቃል!”

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አያ ታከለ ግን ጊዜ አልፈጁም። የመጫኛውን አንድ ጫፍ ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ሌላውን ለሾፌሩ ሰጡት። “ቁጭ እንድትል ንገራት። ዘፈኑ እንዳይቋረጥ” አሉኝ።

“ሶስና፣ ካለሽበት ቁጭ በይ! ሰው ይመጣልሻል!”

“እሺ!” አለች። ሽማግሌው ጉሙ ውስጥ ጠፉ። መጫኛው ቀስ እያለ ይዘረጋል።

ዜማው ቆመ። ስልኬን አየሁት፤ ጠፍቷል።

“አባዬ?” አለች ሶስና። ድምፅዋ ተቀይሯል። ድንጋይ ተንኳኳ። ተነስታለች ማለት ነው።

የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አፌን ከፈትኩና ያን የጠላሁትን ዜማ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ድምፄ ለመዝሙርም ለዘፈንም ያልተፈጠረ ነው፤ ሠፈር ውስጥ ልደት ላይ እንኳ ዝም በል ይሉኛል። በዚያ ቀን ግን አንድም ቦታ ሳልሳሳት ዘፈንኩት። ስጨርስ እደግማለሁ። ስንት ጊዜ እንደዘፈንኩት አላውቅም፤ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ድረስ ዘፈንኩ። መጫኛው ሁለት ጊዜ ተሳበ። አያ ታከለ ልጄን አዝለው ከጉሙ ወጡ።

“ሁለት እርምጃ ነበር የቀራት” አሉኝ። “ሳር ጨብጣ ቁጭ ብላ ነው ያገኘኋት።” ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል ከለከሉኝ። “የተነገራትን የምትሰማ ሸጋ ልጅ ናት። በል ከዚህ ውሰዳት።” መጫኛቸውን ጠቅልለው ወደ ማሳቸው ሄዱ።

ሚኒባሱ ውስጥ እቅፌ አስገብቼ ጃኬቴን ደረብኩላት። አምባ ጊዮርጊስ ተቃረብን።

“ግን የእኔን ድምፅ አላወቅሽውም?” አልኳት።

“መጀመሪያማ ሶስና ብሎ ሲቆጣ አንተ መስለኸኝ ልመልስ ነበር” አለች። “ከዚያ ሶስዬ፣ የኔ እናት፣ የኔ ዓለም አለ። አንተ እንዲህ ብለህ ጠርተኸኝ አታውቅም። በዚያ ነው አንተ እንዳልሆንክ ያወቅኩት።”

ይህን ያለችው ልትወቅሰኝ ብላ አይደለም። ሒሳብ እንደሚያስረዳ ልጅ ነው የነገረችኝ።

እናቴ ቤት ስልኩ ቻርጅ ሲያደርግ ፓርኩን አብረን ከፈትነው። ባቡሩ እንደቆመ ነው። መዶሻ የያዘው ሰውዬ ራስ ላይ የሆነ ነገር ተጽፏል። ጠጋ ብዬ ሳነበው “አባዬ” ይላል።

“ባቡር የሚጠግነው እሱ ብቻ ነው” አለችኝ።

“ታዲያ ለምን አላሠራሽውም?”

“አንተ መጥተህ እንድትጫነው ነዋ። ሦስት ቀን ጠበቅኩህ።”

ተጫንኩት። ሰውዬው መዶሻውን አነሳ፤ ባቡሩ ፉጨቱን ነፍቶ ሄደ።

እናቴን ግን ያን የጉም ምክርሽን ተዪ አላልኳትም። ጉሙም ገደሉም ያው ናቸው፤ መለወጥ ያለብኝ እኔ ነኝ። አሁን ከሥራ ስገባ ገና ከበሩ “ሶስዬ፣ የኔ እናት!” እላታለሁ። ጠዋትም እላታለሁ፤ እራት ላይም እላታለሁ። ባለቤቴ ሰውየውን ምን ነካው ትላለች፤ ሶስና “አባዬ፣ በቃ ሰማሁ!” እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ይህን ድምፄን ትልመደው።