እርጥብ እጅ

ካዛንቺስ ያለው ቢሯችን ውስጥ አንድ አለቃ አለን። ሴት ከጨበጠ እጇን አይለቅም፤ በቃ፣ ጎትቶ ያቅፋል፣ ጉንጭ ስሞ አይጠግብም። ሲመረኝ የሰው ኃይል ኃላፊያችን ወይዘሮ አልማዝ ጋ ገባሁ።

«ሰላምታ እኮ ነው ልጄ፣ አታካብጂ!» አሉኝ።

እሺ ብዬ የራሴን መላ ዘየድኩ። ጠዋት እሱ ሳይገባ እጄን በውሃ አርሳለሁ። ሊጨብጠኝ ሲመጣ «ይቅርታ፣ እጄ እርጥብ ነው» ብዬ ክንዴን እሰጠዋለሁ። ለሱፉ ስለሚሳሳ ነካ አድርጎኝ ያልፋል።

ትናንት ኦሎምፒያ ታክሲ አጥቼ አረፈድኩና እየሮጥኩ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ቧንቧው ተይዟል። ወይዘሮ አልማዝ ሁለት እጃቸውን ውሃው ስር ዘርግተው ቆመዋል። በመስታወቱ አዩኝና ጠጋ አሉልኝ።

«ቶሎ በይ ልጄ፣ ሊፍት ውስጥ ገብቷል!»