የጋርዞም አንገት

ዓለምዬ ደባርቅ ገበያ ነጭ ሽንኩርት መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። አንገቷ ላይ የሰው ቡጢ የሚያክል፣ ወደ ግራ ያዘነበለ እንቅርት አላት። እንቅርት ያለበት ሰው በዚያ አገር ብርቅ አይደለም፤ እሷ ባደገችበት በበየዳ ወረዳ፣ በአንድ መንደር ብቻ እንቅርት ያለባት ብዙ ሴት አለች። ዓለምዬ ግን የሷን አትወደውም። ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ጥለት ባለው ነጠላ ጠቅልላው ትውላለች። ካልደገፈችው ድምፅዋ ይታፈናልና፣ ልትናገር ስትል ሦስት ጣቷን ከሥሩ አስገብታ ከፍ ታደርገዋለች። ይህን የምታደርገው ከነጠላው ውስጥ ስለሆነ ከቤቷ የኖረ ሰው ካልሆነ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከቤቷ የኖረው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ የእህቷ ልጅ ይግዛው። እናቱ በወለደችው በሦስተኛው ቀን ስለሞተች ዓለምዬ ወስዳ አሳደገችው። ለእሱ ብላ ባል አላገባችም። አንድ ጊዜ ጎንደር ሆስፒታል እንቅርቷን በነፃ ሊያወጡላት ተራ ደርሷት ነበር፤ በዚያው ሳምንት የስምንት ዓመቱን ይግዛው ኩፍኝ ያዘውና ሳትሄድ ቀረች። ከዚያ ወዲያ የጠራትም የለ፣ እሷም አልጠየቀች።

ይግዛው ሥዕል ይሆንለታል። ትምህርቱን እንደጨረሰ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረና፣ በትርፍ ጊዜው የሠራውን የሥዕል ታሪክ፣ ኮሚክ የሚሉትን፣ እዚያው አባዝቶ ለተማሪዎች መሸጥ ጀመረ። ለአክስቱ የልጆች መጽሐፍ ነው አላት። እሷም ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። አንድ ቅጂ እንዲያመጣላት ብትለምነው ግን ዛሬ ነገ እያለ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎች በገበያው ሲያልፉ እሷን እያዩ ይጠቃቀሱ ጀመር። «ጋርዞም» ይላሉ። አንዷ የዓለምዬን ነጠላ ጎትታ ሮጠች። ዓለምዬ ነገሩ ስላልገባት፣ ከጎኗ ጨው የምትሸጠውን ጤናዬን ጠየቀቻት። ዓለምዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጤናዬ ግን በጎልማሶች ትምህርት ማንበብ የተማረች ናት። ጋርዞም ከይግዛው መጽሐፍ የወጣ ስም መሆኑን ቀድማ ሰምታ ኖሮ ልታነብላት አልወደደችም፤ ዓለምዬ ስትጨቀጭቃት ግን መጽሐፉን ከአንድ ተማሪ ተውሳ አነበበችላት።

ጋርዞም ውሃ ከሌለበት ኮከብ የወረደ ኤሊየን ነው። ከደባርቅ በላይ ባለው ተራራ ላይ አርፎ፣ ከላይ ከጨነቅ እስከ ታች ዳባት ድረስ የሰዉን ድምፅ እየዋጠ አገሩን ዱዳ ያደርጋል። የዋጠውን ድምፅ የሚያከማቸው አንገቱ ላይ በተንጠለጠለ የሥጋ ከረጢት ነው። ከረጢቱን አረንጓዴ ጥለት ባለው ጨርቅ ይሸፍነዋል፤ ሊናገር ሲል ሦስት ጣቱን ከሥሩ ያስገባል። በመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ በራሪ ጀግና የጋርዞምን አንገት በሰይፍ ይተረትረዋል፣ ሕዝቡም እልል ይላል።

ጤናዬ ሥዕሉን ልትደብቃት ብትሞክር ዓለምዬ ነጥቃ አየችው። ዓይኑ የሷ ነው። የተሸረፈው የፊት ጥርስ እንኳ የሷ ነው።

ይግዛው ለራት ሲገባ ጠየቀችው። አልካደም።

«ልጅ ሳለሁ ከአጠገብሽ ስተኛ እሱ ነገር ፊቴ ላይ ሲያርፍ እጮህ ነበር፤ አታስታውሽም?» አላት። «የሣልኩት የፈራሁትን ነው።»

«እኔን ነው የፈራኸው?»

«ሰው እኮ ወዶታል፣ እማዬ። ሁለተኛው መቼ ይወጣል እያሉኝ ነው።»

ይህን ሲል ፊቱ በርቶ ነበር። ከሥዕሉ ይልቅ ያ የበራ ፊት አንገበገባት።

ሰኔ ላይ የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል በተማሪዎቹ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተመረቀ። ይግዛው አልጠራትም፤ እሷ ግን ሄዳ ከኋላ ተቀመጠች። አንድ ተማሪ የጋርዞምን መልክ ከየት እንዳመጣው ሲጠይቀው፣ ከራሴ ፈጠርኩት ብሎ መለሰ። ዓለምዬ ተነሣች። ነጠላዋን ከአንገቷ ፈታች። ያሳደግኩት እኔ ነኝ ልትል ነበር፤ በንዴት እንቅርቷን በጣቷ መደገፍ ረስታ ሲር የሚል ድምፅ ብቻ ወጣት። አዳራሹ ትያትር መስሎት በሳቅ ፈነዳ። ስልኮች ወደ እሷ ተቀሰሩ። ያድነኛል ብላ ይግዛውን አየችው።

ይግዛው ከመድረኩ ወርዶ መጣ። ትከሻዋን አቅፎ ፊቷን ወደ ስልኮቹ አዞራትና፣ «እነሆ፣ ጋርዞም በአካል» አለ።

ጭብጨባው ቶሎ አላበቃም። ዓለምዬ ወዴት እንደምትሄድ ጠፍቷት፣ ፎቶ ተነሥተው እስኪጠግቡ እዚያው ቆመች።

ፎቶው ዛሪማ ድረስ ተዳረሰ። ገበያ ውስጥ እናቶች የሚያለቅስ ልጅ ዝም ለማሰኘት በእሷ ያስፈራሩ ጀመር። ይግዛው ጎንደር ሥራ አግኝቶ ሄደ። ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልደወለላትም።

የተመለሰው ሊያገባ ሲል ነው። የልጅቱ ወላጆች ያሳደገችህ ሳትመርቅህ ልጃችንን አንሰጥም ብለውት ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዓለምዬን የንስሐ አባት፣ አባ ገብረ ክርስቶስን፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይዞ መጣ። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፏ ላይ ተንበረከከ። አባ ስለ መስቀሉ ብላ እንድትምረው ለመኗት። ዓለምዬ መስቀሉን ተሳለመች።

«ምሬዋለሁ፣ አባ። ድንጋዩን ያውርድ።»

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። ይግዛው ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች።

«እንግዲህ አግብተህ አባት ልትሆን ነውና የወላጅ እናትህን ነገር እወቅ» አለችው በዝግታ። «በሦስቱ ቀን አንዴ እንኳ አላቀፈችህም። ፊትህን ስታይ፣ ‹ይኼን ከፊቴ አንሡልኝ፣ አስፈራኝ› አለች። ወደ ግድግዳ ዞራ ሞተች። እንዳይከፋህ ብዬ ደብቄህ ኖርኩ።»

ውሸት ነበር። እህቷ ሦስቱንም ቀን ከደረቷ አላወረደችውም። ስትሞት ጣቶቿን ከሕፃኑ ላይ አንድ በአንድ ያላቀቀችው ዓለምዬ ራሷ ናት።

«እውነት ነው?» አለ ይግዛው።

«መስቀል በሳምኩበት አፌ እዋሽሃለሁ?»

አባ ገብረ ክርስቶስ ዓለምዬን ትክ ብለው አዩዋት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። በፍልሰታ ጾም ለንስሐ ስትቀርብ፣ ልቧ ውስጥ ያስቀረችው ነገር እንዳለ ደጋግመው ጠየቋት። ምንም የለም አለቻቸው።

ይግዛው አገባ፣ በዓመቱም ወንድ ልጅ ወለደ። ጎንደር ደርሳ የመጣችው ጤናዬ፣ ይግዛው ልጁን ሲሰጡት አልይዝም እያለ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንደሚያዞር፣ ሚስቱም ግራ እንደገባት ለዓለምዬ ነገረቻት። ዓለምዬ የሽንኩርቱን ገለባ እየፈተገች ሰማቻት። ጤናዬ ስትጨርስ፣ ልጁ ማንን እንደሚመስል ጠየቀቻት።