ለሁመይራ ትከሻ የሚሆን ጠመንጃ

ጀላሉዲን ጠመንጃ ሊገዛ ነው ሲባል ሐበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ያልሳቀ አልነበረም። ሰውየው እኮ ዕድሜውን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ፣ ሲሰድቡት እንኳ መስኮቱን ዘግቶ የሚያልፍ ሰው ነው። "መሣሪያ ያለበት ቤት ሰይጣን ሥራ አይፈታም" ሲል ነው የኖረው። ጠመንጃውን የምትፈልገው ሚስቱ ሁመይራ ነበረች።

እሷም በከንቱ አይደለም። ሊትል ኢትዮጵያ ካለ የባልትና ሱቅ ትሠራ ነበር። ያ የኮሮናው ዓመት ረብሻ ሲነሳና በየመንገዱ መስታወት ሲረግፍ፣ ከጓዳ ከበርበሬው ጆንያ ኋላ ተደብቃ "ጀላል፣ ድረስልኝ!" ብላ ደወለችለት። እሱ መንገድ ተዘግቶበት አልደረሰላትም። ከዚያ ወዲህ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ያዘች፤ ሩዝ ቢሉ፣ ምስር ቢሉ፣ ውሃና ባትሪ ቢሉ። ፓልምስ ሰፈር ያለችው አፓርታማቸው መጋዘን ሆነች። የቀራት ጠመንጃ ብቻ ነበር። በጠየቀችው ቁጥር "ኋላ እናያለን" ይላታል፤ ኋላ የሚሉት ቀን ደግሞ መቼ መጥቶ ያውቃል!

ታዲያ ምን ተገኘና እሺ አለ? ሁመይራ ታመመች። ጉበቷን ነው። ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ ልጥራ ሲል ጀላሉዲን ደሙ ፈላ። "እኔ ባሏ እያለሁ?" አለ። ሐኪሙም መድኃኒቱ እንዳልሠራ፣ ከእንግዲህ ሕመሟን ማስታገስ እንጂ ማዳን እንደማይቻል፣ የቀራትም ጥቂት ወር እንደሆነ ረጋ ብሎ ነገረው። ሁመይራ እንግሊዝኛዋ ከ"ኦኬ" ብዙም አያልፍ፤ የባሏን ዓይን ዓይኑን ታያለች።

"ምን አለ?"

"መድኃኒት ሊቀይርልሽ ነው። ትንሽ ከታገሥሽ ትድኛለሽ አለ፣ ኢንሻአላህ።"

በእኛ ዘንድ ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፤ ከበሽታው ይልቅ ድንጋጤው ይገድለዋል ይባላል። ማን ይፈርድበታል? ግን ውሸት ብቻዋን አትቆምም፣ ደጋፊ ትፈልጋለች። ገና ከሆስፒታሉ ፓርኪንግ ሳይወጡ፣ "ሶ፣ ያን ጠመንጃ እንገዛዋለን" አላት። "ለረጅም ጊዜ የሚሆን፣ ሃያ ዓመት የሚያገለግለንን።" ሁመይራ ዞር ብላ አየችው።

ምክር ፍለጋ ወደ ሳላሀዲን ሄደ። ሳላሀዲን ድሮ ወታደር የነበረ፣ አሁን ፓርኪንግ የሚሠራ ጓደኛው ነው፤ የመሣሪያ ወሬ ከተነሳ ምሳውን ይረሳል።

"ስማ፣ የጠመንጃ ነገር የጥይቱ ነገር ነው" አለው። "በክፉ ቀን ጥይቱ ያልተገኘ ጠመንጃ ምርኩዝ ነው። እንዳገር ቤት ክላሽ እንዳልልህ፣ እዚህ በየሱቁ ሞልቶ የተረፈው የጥይት ልክ፣ ካሊበሩ፣ ፋይቭ ፊፍቲ ሲክስ ነው። እሱን ግዛና ጥይቱን አከማች።"

"ትከሻ ይመታል?"

"ለጉድ አይደለም። እንደ በቅሎ የሚራገጠው ትልቁ፣ ስሪ ኦ ኤይቱ ነው።"

"ለጉድ ባይሆንም አልፈልግም። የምትተኩሰው ሁመይራ ናት፤ ከስታለች።"

"እንግዲያው ትንሿን፣ ትዌንቲ ቱዋን ግዛላታ! ጥይቷ ኪስ ሙሉ ብትይዝ አትከብድ፣ ምቷም የለ። ሌባው ግን ንብ ነደፈኝ ብሎ ነው የሚሄደው!" ሳላሀዲን ከት ብሎ ሳቀ። የጓደኛውን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠ።

ጀላሉዲን ማታ ማታ የሰማውን ሁሉ ለሁመይራ ይነግራታል፤ ይሄኛው ጥይት ይበረክታል፣ ያኛው ይወደዳል፣ ይሄ ላንቺ ይሆንሻል ይላታል። እሷም ትሰማዋለች። ሁለት ወር እንዲህ ሲመርጡ ከረሙ።

አንድ ቅዳሜ ጠመንጃ ቤት ይዟት ሄደ። ሻጩ ሦስቱንም ባንኮኒው ላይ ደረደረ። ጀላሉዲን ትዌንቲ ቱዋን አንስቶ ሰጣት። ሁመይራ ትከሻዋ ላይ ልታስደግፋት ሞከረች፤ ክንዷ አልችል አለና አፈሙዙ ወደ መሬት ወረደ።

"ከዚህ የሚቀል የለም?" አለ ሻጩን። ወይ ጀላል! ከዚያ የሚቀለው እኮ የልጅ መጫወቻ ነው።

"ላንተ ትከሻ የሚሆነውን ምረጥ" አለች ሁመይራ፣ ጠመንጃውን እየመለሰች።

"ስትድኚ እኮ…"

"ና፣ መኪና ውስጥ እንግባ።"

በሩን ዘጉ። "በል፣ ሐኪሙ ያለውን ንገረኝ" አለችው። "አንድም ሳትቀንስ።"

"ነግሬሽ የለ እንዴ?"

"ስንት ዓመት ለምኜህ እምቢ ያልከኝን ያን ዕለት ሳልጠይቅህ እሺ ስትለኝ ነው የገባኝ። አንተ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅሁህ።"

መሪውን ጨብጦ፣ እንባው አገጩ ላይ እየወረደ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገራት። ሁመይራ አላለቀሰችም። ተናደደች እንጂ።

"ሰው ሊሄድ ሲል ይቅር ይባባላል፣ አፉ ይባባላል፣ ጀላል። የበደልኩት አለ፣ የተቀየምኩት አለ። ስንት ዓመት ለክፉ ቀን ስዘጋጅ ኖሬ፣ ለዋናው ሳልዘጋጅ ልታስኬደኝ?"

"አፉ በይኝ። ወላሂ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። አፉ በይኝ።"

"አንተ እቤት ነህ፣ የት ትሄዳለህ? ትደርሳለህ። መጀመሪያ የሩቆቹን" አለችና ስልኳን አወጣች። እዚያው መኪና ውስጥ፣ በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልታ ስንት ዓመት ያላነጋገረቻት ኮምቦልቻ ያለች እህቷ ዘሐራ ጋ ደወለች። ሁለቱም ተላቀሱ።

ከዚያ በኋላ ድምፅ እስኪያጥራት ደወለች። ለድሮ ጎረቤት፣ ለባልደረባ፣ በሚዛን ተጨቃጭቃ ለሸኘቻት ደንበኛ ሁሉ። ጀላሉዲን ውሃ እያቀበላት ተራውን ጠበቀ። አንድ ጠዋት ስልኩ ደረቷ ላይ እንዳለ መናገር ተሳናት። እጇን ይዞ "እኔስ፣ ሁመይራ?" አላት። ዓይኗን አልገለጠችም። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ የሚያጽናናው በአንድ ነገር ነው። "ደውላልኝ ነበር፤ አፉ ተባብለናል" ይለዋል። ሳላሀዲንም እንዲሁ አለው። ጀላሉዲን ለያንዳንዱ "አልሐምዱሊላህ" ይላል። ማታ ዘሐራ ከኮምቦልቻ ደወለች፤ ለቅሶዋ ንግግሯን እየቆረጠው፣ "ካንተ ጋርስ አፉ ተባባላችሁ?" አለችው።

"አዎ" አላት፣ "ተባብለናል።"