ዝናብ፣ ብስክሌትና የአሥር ልጅ ብልቃጥ

በደርግ ጊዜ ላሊበላ በጤና ረዳትነት ተመድቤ ስሠራ፣ በየቀኑ ወደ ሥራ የምሄደው በብስክሌት ነበር። የላስታን ዳገት የሚያውቅ ሰው ይኸን ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ። እኔም ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ዳገት አዲሴ አይደለም፤ ግን ያንን ክብደቱ ጥጃ የሚያህል የቻይና ብስክሌት ሲያስረክቡኝ “ምን አድርጌያቸው ነው?” ብያለሁ። ክረምት ከገባ መኪና ድርሽ አይልም፣ በቅሎ ደግሞ ቀለብ ትፈልጋለች፣ ስለዚህ ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። ግንቦት ላይ አቧራ እየቃምኩ፣ ኅዳር ላይ ጣቶቼ መሪው ላይ በብርድ ደርቀው እሄድበታለሁ። ነሐሴ ላይ ጭቃው ፓራፋንጎው ውስጥ እየተጠቀጠቀ ጎማው አልዞር ሲል ደግሞ እኔው እሸከመዋለሁ። በሄድኩበት ማደር የለም፤ ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው የላምባ ፍሪጅ ያለው ላሊበላ ብቻ ስለሆነ ሳይከፈት የተረፈውን ይዤ መመለስ ነበረብኝ።

የምጽፈው በአንድ የነሐሴ ሐሙስ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለች መንደር ስላደረግሁት ጉዞ ነው። የመንደሯን ስም አልጠራም። ተራዋ በወር አንድ ቀን ነበር።

በኩፍኝ ክትባት ላይ ደንብ ነበረን። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ልጅ ይበቃል፤ አንዴ ከተበጠበጠ ግን በዚያው ዕለት ያልተወጋው ይደፋል። ስለዚህ አሥር ልጅ ካልተሰበሰበ ብልቃጥ አይከፈትም። ባለፈው ወር ተራ ዝናቡ ሲወርድ ዋለና የመጣችው አንዲት ሴት ብቻ ሆነች። የሺ ትባላለች። የአሥር ወር ወንድ ልጇን አዝላ፣ ወንዝ ተሻግራ፣ እስከ ጉልበቷ ርሳ ነው የደረሰችው። “አሥር ካልሞሉ አይከፈትም፣ በሚመጣው ወር አምጪው” ብዬ መለስኳት። እሺ ብላ ሄደች። አሁን ወሩ ሞልቷል፤ ኩፍኝም በዚያ በኩል ገብቷል እየተባለ ስለሚወራ ቸኩያለሁ።

ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

ሻይ ቤት ገብቼ አንድ ብርጭቆ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ አንድ ዳቦ በአሥር ሳንቲም ቀመስኩ። የበረዶውን ሣጥን ከኋላ መጫኛው ላይ በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ውስጡ ሁለት ብልቃጥ አለ። የተቀቀሉት መርፌዎች በቆርቆሮ ተከድነው ደረቴ ኪስ ውስጥ ናቸው። አሸተን ማርያም ያለችበት ተራራ እስከ ወገቡ ደመና ለብሷል፤ ዝናቡ የት ይደርስብኛል ብዬ ስገምት ቆየሁና ከመገመት መሄድ ይሻላል ብዬ ተነሣሁ።

ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ የሚቆመው ሚሊሺያ አምስት ወር ሙሉ በየቀኑ እያየኝ በየቀኑ የይለፍ ወረቀት ይጠይቀኛል። ሣጥኑንም አስከፍቶ እጁን በረዶው ውስጥ ይከታል። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ይወጣል ብዬ ብለምነው፣ ምን እንደምደብቅ ማን ያውቃል ይለኛል። ያን ቀን ግን ዝናቡ ጀምሮ ነበርና ከዳሱ መውጣት አስጠልቶት በእጁ ሂድ አለኝ። በዚያ ክረምት ዝናብን ያመሰገንኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሦስት ሰዓት ገደማ

ዳገቱን ገፍቼ ወጣሁት። መንገዱ ወንዝ ሆኗል፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ጫማዬ ውስጥ ውሃው ጭልቅ ጭልቅ ይላል። ገብስ የሚያርሙ ገበሬዎች ገሣቸውን ደፍተው ቀና እያሉ አዩኝ። አንዱ ብስክሌቴን እያሳየ ማን ማንን እንደጫነ ጠየቀኝና ጓደኞቹን አሳቀ። እኔም እየተራገምኩ ሳቅሁ። ጫፍ ላይ ስደርስ ተቀመጥኩበትና ቁልቁለቱን ለቀቅሁት።

የብስክሌት ፍሬን ሲረጥብ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። ይኸን አውቃለሁ፤ ግን ቸኩያለሁ። እጥፋቱን ስዞር ከፊቴ ሃያ ሠላሳ ሰው መንገዱን ሞልቶ ሲሄድ አየሁ። ገበያተኛ መሰለኝ። ፍሬኑን ጨበጥኩ፣ ሊቆም ነው? ደወሉን ደጋግሜ ደወልኩ። ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለ፤ እኔም ቅጭል ቅጭል እያደረግሁ በመሀከላቸው አለፍኩና ከመንገዱ ዳር ካለው አፈር ጋር ተላትሜ ቆምኩ።

ከወደቅሁበት ቀና ስል ማንም አይስቅም። ወንዶቹ ራሳቸውን ገልጠው በዝናብ ቆመዋል። ከፊት ያለው ሰው በሁለት እጁ በነጠላ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ታቅፏል። ቃሬዛ የለም፤ ለዚያ ቃሬዛ አያስፈልገውም። አጃኢብ! ቀብር ነው የጣስኩት፤ ያውም ደወል እየደወልኩ።

በላስታ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ሬሳ ካየ ይወርዳል፣ ራሱን ይገልጣል፣ ጥቂት ይሸኛል። ከእጥፋቱ በታች ቤተ ክርስቲያን እንዳለ፣ በዚያ መንገድ ቀብር እንደሚያልፍ አምስት ወር ሙሉ ሳላስተውል ኖሬያለሁ። አያ ካሳ የሚባሉ፣ ከዚህ ቀደም ውሃ ያጠጡኝ የመንደሩ ሽማግሌ ቀረቡኝ። አልተቆጡም፣ ድምፃቸውንም አላነሡም።

“ሐኪም፣ በእርስዎ አገር ለሬሳ አይወረድም?” አሉኝ።

ፍሬኑ አልያዝ ብሎኝ እንደሆነ ተንተባተብኩ። ብስክሌቱን እየገፋሁ ከኋላ ተከተልኩና ማን እንደሞተ ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“የየሺ ልጅ። ኩፍኝ ነው፤ ትናንት ማታ ዐረፈ።”

ክው ብዬ ቀረሁ። ብስክሌቱን ተደግፌ ቆምኩ። ከሴቶቹ መሀል አየኋት፤ ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘዋታል። አየችኝ። ከቀብሩ ሥፍራ ዳር ቆሜ አፈር ሲለብስ አየሁ፤ ሣጥኑ ከኋላዬ እንደታሰረ ነው።

አምስት ሰዓት

የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ እንደወትሮው ጠረጴዛዬን ዘረጋሁ። ጥሩምባ ተነፋ፤ ማንም አልመጣም። እውነቱን ልናገር፣ ማንም ባይመጣ ደስ ይለኝ ነበር። በረዶው እየቀለጠ ነው፣ እዚህ ምን አስቀመጠኝ እያልኩ ለራሴ ምክንያት ስደረድር ቆየሁ። መሄድ አለብኝ ብዬ ማሰሪያውን ሳጠብቅ አያ ካሳ መጡ። የሺ ትጠራዎታለች፣ ሣጥኑንም ይዘው ይምጡ ብላለች አሉኝ።

ለምን እንደምትፈልገኝ ብጠይቃቸው አላውቅም አሉ። ልትረግመኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ወንድሞቿ ቢመቱኝም አይፈረድባቸውም ብዬ አሰብኩ። ብስክሌቱን መጋዘኑ አጠገብ ትቼ፣ ሣጥኑን ተሸክሜ፣ ጭቃውን ከአያ ካሳ ኋላ ተከተልኩ።

ሰባት ሰዓት

ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ እስከ ግቢው ድረስ ሰው ተቀምጧል። በዝናብ ለመርፌ ያልወጣ መንደር ለለቅሶ አንድም ሳይቀር ወጥቷል፤ እናቶቹም ልጆቻቸውን አዝለው ነው የመጡት። ንፍሮ በሰፌድ እየዞረ ነበር፤ ለእኔም ዘገኑልኝ።

የሺ ከግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ በጥፍሯ ተቦጫጭሯል። እግዜር ያጥናሽ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

“አሥር ካልሞሉ አይከፈትም ብለውኝ አልነበር? ይኸው እዚህ አሉ፤ ይቁጠሯቸው።”

ለካስ ከቀብር እንደተመለሱ፣ ገና ሳይቀመጡ፣ እናቶቹን አንድ በአንድ ለምናቸው ኖሯል። እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ። እኔ አምስት ወር በጥሩምባ ያላሰባሰብኩትን እሷ ልጇን በቀበረች በሦስት ሰዓት ውስጥ አሰባሰበችው። ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ሆኑ።

አንደኛውን ብልቃጥ በጥብጬ አሥሩን ወጋሁ። ልጆቹ ሲያለቅሱ ለቅሶ ቤቱም አብሮ አለቀሰ። አሥራ አንደኛዋ ሴት ልጅ ናት፤ እናቷ ነገሩ ገብቷት ነው መሰለኝ ነጠላዋን ሰብስባ ግድ የለም፣ ለሚመጣው ወር ትድረስ ብላ ወደ በሩ አለች። ተመለሽ አልኳት። ሁለተኛውን ብልቃጥ አውጥቼ ለዚያች ለአንዲት ልጅ ከፈትኩት። የሺ ከተቀመጠችበት ሆና እጄን ታይ ነበር።

“ለአንድም ይከፈታል ለካ” አለች።

ቁጣ አልነበረበትም፤ አንድ የማያውቀውን ነገር እንደተረዳ ሰው ነው ያለችው። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ሳልላት ሣጥኔን ዘግቼ ወጣሁ፤ ዛሬም ይኸ ያበሳጨኛል።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ቁልቁለቱን ሁሉ ከብስክሌቱ ወርጄ እየገፋሁ ላሊበላ ገባሁ። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ነርስ ለዘጠኝ ልጅ የሚበቃ ክትባት ለምን እንደተደፋ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሰማችኝና ደንቡን እንደማውቀው አስታወሰችኝ፤ እኔም አውቀዋለሁ አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ላስታ ውስጥ በቆየሁበት ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ታዝሎ ቢመጣም እከፍት ነበር፤ ስለዚህም ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። ስለዚህ ጉዞ ሳወራ ሰዎች ጥፋቱ የደንቡ ነው እያሉ ሊያጽናኑኝ ይሞክራሉ። ደንቡን ያወጣው እውነትም ሌላ ሰው ነው። ያቺን ሴት በዚያ ዝናብ ከነልጇ የመለስኳት ግን እኔ ነኝ።